ጥናት በዕድር ቤት

አዳራሹን ሲፈቅዱልን ዕድርተኛው ሁሉ አጨበጨበልን። የአቃቂ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ መብራትና ሰሌዳ ያለበት ቦታ ተቀምጠው ማጥናት ጀመሩ። በነፃ የማስጠናቸው እኔ ነኝ፤ አቻምየለሽ፣ የፊዚክስ መምህር። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሀብተሚካኤል የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰው ሲሞት ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ ሴት ልጆቹ ለለቀስተኛው ወጥ ሽንኩርት ይልጣሉ። ምን ይከብዳል ብዬ እሺ አልኩ።

የከበደው ኋላ ነው። ሰፈሩ የድሮ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰፈር ነው፤ አብረው ተቀጥረው አብረው አርጅተዋል። በዚያ ዓመት ደግሞ ተከታትለው ሞቱ። አዲስ ምዕራፍ ጀመርን ስንል የዕድሩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ልጆቼም ተነስተው ይሄዳሉ።

ከሁሉም ተስፋ የጣልኩት ዮዲ ላይ ነበር። እናቷ ቃሊቲ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ሠርታ፣ ቀን አንዷን ክፍላቸውን ዘግታ ትተኛለች። ስለዚህ ዮዲ ከአዳራሹ ሌላ ማጥኛ አልነበራትም። ያልገባትን ነገር እስኪገባት የማትለቅ ልጅ ናት። ሽንኩርት ስትልጥ እንኳ ፎርሙላ ታነበንባለች፤ ወጥ ሠሪዎቹ ዳዊት የምትደግም መስሏቸው አሜን ይሏታል።

ለብሔራዊ ፈተናው ሳምንት ሲቀረው አንድ ጡረተኛ አረፉ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ዘንድ ሄድኩ።

«ሌሎቹን ሁሉ ይውሰዱ፣ ዮዲን ብቻ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ቲቸር፣ ይሄ አዳራሽ ለሞተ ሰው የተሠራ ነው። ለናንተ የሰጠነው የተረፈውን ነው።»

«ልጅቷ ልትወድቅብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«እናትሽ ያረፈች ጊዜ ሽንኩርቱን የላጠው ማነው?»

እውነታቸውን ነው፤ ያን ጊዜ ብቻዬን አልተዉኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እውነታቸውን መሆኑ ነው። ዮዲ ለቅሶ ቤት ከረመች። ድንኳኑ ሳይነቀል ደግሞ ሌላ ሰው ሞተ።

ውጤት ሲመጣ ለማለፊያው ስድስት ነጥብ ጎደላት። ስልኬ ላይ ደጋግሜ አየሁት። ስድስት ነጥብ የአንድ ከሰዓት ጥናት ነው።

በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ጋሽ ሀብተሚካኤል ተነስተው ማስጠናቱን አመሰገኑ። «ወጣቶቻችን ቁም ነገር ለመዱ» አሉና ዮዲን ወደ ፊት ጠርተው፣ ዕድሩ በወጥ ቤት እንደቀጠራት ነገሩን። አዲስ ሽርጥም ሰጧት። እናቷ እልል አለች፤ ከልቧ ነው። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ስንወጣ ዮዲ ሮጣ ደረሰችብኝ።

«ቲቸር፣ ዘንድሮም ያስጠናሉ አይደል?»

«አስጠናለሁ።»

«ሥራውን እሺ ያልኩት ሴት ልጆቹ እንዳይጠሩ ብዬ ነው። ጋሼም ተስማምተዋል። የነሱን ድርሻ እኔ እልጣለሁ።»

ባለፈው ረቡዕ ጥሩምባ ተነፋ። ወንዶቹ አግዳሚዎቹን ተሸክመው ድንኳን ሊተክሉ ሄዱ፤ ሴት ልጆቹ ወለሉ ላይ ተቀምጠው ጥናቱን ቀጠሉ። ዮዲ ሽርጧን አድርጋ፣ የሽንኩርት ጆንያ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ይዛ በበሩ ስታልፍ ቆም አለች። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጥያቄ አነበበች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እየሠራችው ነበር። ልጆቹ ቀና ብለው ያዩዋት ጀመር።

«ወደ ደብተራችሁ» አልኳቸው።