በአባቴ መዳፍ ልክ

እንቁላሉን በቧንቧ ውሃ ያጠብኩት አውቄ አልነበረም። የመጀመሪያውን ማለቴ ነው። ስለ ሁለተኛው እመጣበታለሁ።

ያመጣልን ቶርቫልድ ነው። የአባቴ የዓሣ ማጥመድ ጓደኛ ነው፤ አርባ ዓመት አንድ ጀልባ ላይ ሆነው ሲነታረኩ ኖረዋል። በጥር አንድ ጠዋት የጎማ ቦቱ እየተንጠባጠበ በጓሮ በር ገባና አንድ የዳቦ ላስቲክ ዕቃ ማጠቢያው ዳር ላይ አስቀመጠ። ውስጡ ስቲልሄድ የሚባለው ዓሣ ሁለት ዘለላ እንቁላል አለ፤ ብርቱካንማ፣ ፍሬው አተር የሚያክል፣ በስስ ሽፋን የተያያዘ።

«ንጋት ላይ ነው የያዝኳት» አለኝ። «ወይ ለአባትሽ ስጪው ወይ ለድመቷ።»

ከዚያ አንገቱን ወደ ሳሎን አስግጎ፣ «ኦርቪል፣ አለህ ወይስ ወንበሩ ብቻውን ነው?» አለ።

አባቴ አልመለሰለትም። ቶርቫልድ ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ።

አባቴን ሐምሌ ላይ ስትሮክ መታው። ቀኝ እጁ ተጨብጦ ቀረ። እግሩ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰለት፤ እግሩ ተመለሰ እንጂ እሱ አልተመለሰም። ዓሣ ሲያጠምድበት ለኖረው ወንዝ ጀርባውን ሰጥቶ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ይውላል። ደግፌ ካላነሳሁት አይነሳም። በየሐሙሱ እየመጣች እጅና እግሩን የምታሠራው ሴትዮ አንድ ቀን በሩ ላይ ይዛኝ፣ «እግሩ ይሠራል፣ ዳርላ። ካልተራመደበት ግን ይከዳዋል። ብርዱ ሳይወጣ በራሱ ካልተነሳ፣ ከዚያ በኋላ የሚነሳ አይመስለኝም» ብላኛለች። እጁንም በየቀኑ ጣት በጣት እንድከፍትለት አዝዛኛለች። እሱ አይፈቅድም። ስነካው ፊቱን ያዞራል።

እኔ ደግሞ እንቢተኛ ሰው አልወድም። ራሴ እንደዚያ ስለሆንኩ ይሆናል።

ዓሣ አላውቅም አልልም። ስምንተኛ ክፍል ሳልጨርስ ዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገብቼ ሃያ ስድስት ዓመት ዓሣ ቆርጫለሁ። እዚያ የማይታጠብ ነገር የለም፤ ጠረጴዛው፣ ቢላው፣ ዓሣው፣ እኛም። እንቁላልን ዓሣ ማጥመጃ ምግብ አድርጎ ለመንጠቆ ማዘጋጀት ግን በቤታችን የአባቴ ብቻ ሥራ ነበር። ጋራዡን ዘግቶ ነው የሚሠራው። እናቴ በሕይወት እያለች እንኳ አንኳኩታ ነበር የምትገባው። ስለዚህ ዘለላውን ሳይ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ወንፊት ውስጥ ጨመርኩና ቧንቧውን ከፈትኩበት።

«ውሃውን ዝጊ።»

ድምፁን ከሰማሁ ስለቆየሁ ቶርቫልድ የተመለሰ መስሎኝ ነበር።

«ዳርላ፣ ውሃውን ዝጊ አልኩ።»

ዘጋሁ። ዞር ስል አባቴ ከዘራውን በግራ እጁ ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ከወንበሩ እስከዚያ አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ በኋላ ቆጥሬዋለሁ። ከዘራውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከወንፊቱ አንድ ፍሬ አነሳና በሁለት ጣቱ ጨመቃት። አልፈረጠችም። ተፈናጥራ ወለሉ ላይ ነጠረች።

«ይኸው። ጎማ አደረግሻቸው።»

«አጠብኳቸው እንጂ ምን አደረግኳቸው?»

«እንቁላል ውሃ ሲነካው ይደነድናል። የደነደነ እንቁላል ጨውም ቀለምም አይጠጣም። ለዓሣ ጎማ ልታበይው ነው?»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ይኸን ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። እንቁላሉን ድመቷ በላችው። እኔ ግን እራት እየሠራሁ ስለ እነዚያ አሥራ አንድ እርምጃዎች አሰብኩ። ማንም አልለመነውም ነበር።

በማግስቱ ለቶርቫልድ ደወልኩ።

«ሌላ እንቁላል አምጣልኝ።»

«ድመቷ ወደደችው?»

«ቶርቫልድ፣ አትቀልድ።»

«ከሱቅ መደርደሪያ ላይ የማነሳው መሰለሽ? ሴት ዓሣ መያዝ አለብኝ፤ ያውም ጀርባዋ ላይ ያለችው ትንሿ ክንፏ የተቆረጠች፣ ከዓሣ እርባታ የወጣች። የዱሯን በሕግ መልቀቅ ነው ያለብኝ።»

«ታዲያ ያዛታ።»

አራት ቀን ፈጀበት። በአራተኛው ቀን ሁለት ትልልቅ ዘለላ በደረቅ ጋዜጣ ጠቅልሎ አመጣ።

ይኸን ሁለተኛውን ያበላሸሁት አውቄ ነው፤ ማለትም ላበላሽ ስል ነው። እህቴ ለገና የላከችልኝ አበባ አበባ የሚሸት ሳሙና አለኝ። አባቴ ከተቀመጠበት እንዲያየኝ የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩና እጄን እስከ ክርኔ ድረስ ታጠብኩበት። ከዚያ ቀስ ብዬ ወደ ጋዜጣው ሄድኩ።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማሁ። አልዞርኩም።

«እጅሽን አምጪ» አለ ከኋላዬ። አሸተተው። «የቀብር አበባ ይሸታል።»

«ንጹሕ ነው።»

«ለቄስ ንጹሕ ነው። ዓሣ ይኸን ካሸተተ ባሕር እስኪደርስ አይቆምም። ቤንዚንም ያው ነው፣ ሲጋራም ያው ነው። ቶርቫልድን አንድ ቀን እንቁላል አስነክቼው አላውቅም።» ከዚያ ፊቴን አየና፣ «አውቀሽ ነው» አለ።

«ምኑን?»

«ሃምሳ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው እንዲህ ሞኝ አይሆንም።»

«እኔ እሆናለሁ። ትምህርት የለኝም።»

የከንፈሩ ጥግ ተነቃነቀ። ወንበር ሳብኩለትና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። መጀመሪያ እጄን በጨው አስፈተገኝ፤ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቄ እንዳደርቅ አደረገኝ። ሁለት ጊዜ አሸተተው። ዘለላውን ደረቅ ጨርቅ ላይ አስዘረጋኝ። ሽፋኑ ላይ ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች በማንኪያ ጀርባ እየገፋሁ ደሙን አወጣሁ፤ ደም ከቀረ ይበሰብሳል። ከዚያ በመቀስ የአውራ ጣት ጫፍ እያሳከልኩ ቆረጥኩ፤ ከእያንዳንዱ ቁራጭ ጋር ሽፋኑ መቅረት አለበት፣ አለበለዚያ መንጠቆ ላይ አይቆይም። ቦራክስ የሚባለውን፣ እንቁላሉ እንዳይበላሽ የሚያቆየውን ነጭ ዱቄት ከስኳርና ከጨው ጋር ደባለቅን።

«ስንት ልጨምር?»

ድብልቁን በግራ ጣቱ ነካ አደረገ።

«አባባ፣ ስንት?»

«በመዳፍ ነው።»

መዳፌን ዘርግቼ መሙላት ስጀምር ራሱን ነቀነቀ። «በአንቺ አይደለም። ያንቺ ጥልቀት የለውም።»

ጭኑ ላይ የተኛችውን ቀኝ እጁን አየ። እኔም አየኋት። ስልሳ ዓመት የሰፈረባት እጅ ናት። ማንኪያ ተጠቅሞ አያውቅም፣ ወረቀት ላይ ጽፎም አያውቅም። መስፈሪያው ተዘግቶበታል።

እጁን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ያማል» አለ።

«እኔም ወገቤን ያመኛል።»

ከትንሿ ጣት ጀምሬ አንድ በአንድ ከፈትኩ። ፊቱን አላዞረም። መቅዘፊያ ያጠነከረው ቆዳ መዳፉ ላይ አሁንም አለ፤ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፣ እውነቱን ነው፣ የእኔ እንደዚያ አይደለም። ጣቶቹ እንዳይዘጉ በግራ እጄ ይዤ በቀኜ ድብልቁን አፈሰስኩበት።

«ጨምሪ» አለ። «ትንሽ። በቃ። አሁን ገልብጪው።»

ለአንድ ጠርሙስ ሁለት መዳፍ ነው። ሦስት ጠርሙስ ሞላን፤ ስድስት ጊዜ ያቺን እጅ ከፈትኩ። በስድስተኛው ላይ ትንሿ ጣት ከእኔ ቀድማ የተንቀሳቀሰች መሰለኝ። አልጠየቅኩትም። ብጠይቀው ይክደኛል።

አንዱን ጠርሙስ ያለ ቀለም ተውነው። አንዱን ትንሽ ሮዝ አደረግነው። ሦስተኛውን እኔ በራሴ ደም እስኪመስል አቀላሁት።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ አባቴ።

«ቀይ ነው።»

«የእሳት አደጋ መኪና ነው።»

«ዓሣው እንዲያየው።»

«ያየዋል። አይቶ ይሸሻል።»

እንቁላሎቹ መጀመሪያ ውሃቸውን ተፉ፤ ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ፈሳሽ ሆነ። ተበላሹ ብዬ ነበር። በማግስቱ ፈሳሹን መልሰው ጠጥተው አብጠውና አብረቅርቀው ተገኙ። እስከዚያ ድረስ ጠርሙሶቹ እየተገለባበጡ መቆየት ነበረባቸው። እኔ ልገለብጥ ስሄድ ሁለት ጊዜ ተገልብጠው አገኘኋቸው። ቤት ውስጥ ያለነው ሁለታችን ነን፤ ድመቷ ደግሞ ጠርሙስ አትገለብጥም።

ቶርቫልድ በሦስተኛው ቀን ፒካፑን ጓሮ አቁሞ ገባ። ዝናቡ ካቆመ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር።

«ዳርላን ልወስዳት ነው» አለ። «የትኛውን እንቁላል እንያዝ?»

«ወንዙ እንዴት ነው?» አለ አባቴ።

«እርጥብ ነው።»

«ቀለሙን ነው የምጠይቅህ።»

«አረንጓዴ ነገር።»

«ምን ዓይነት አረንጓዴ?»

«ኦርቪል፣ እኔ ሠዓሊ ነኝ? መጥተህ እየው።»

እኔ ጠርሙሶቹን ማየት ያዝኩ፤ አንድ ነገር ከተናገርኩ እንደማበላሸው አውቃለሁ፣ ዝም ማለት ደግሞ አልችልበትም።

«ውሃ ሳያይ እንቁላል የሚመርጥ ሰው ቂል ነው» አለ አባቴ። ለእኛ ይሁን ለራሱ አላውቅም። ከዚያ፣ «ቦቴ የት ነው ያለው?» አለ።

ከመኪናው እስከ ወንዙ አርባ እርምጃ የሚሆን የረጠበ ድንጋይ ነው። ቶርቫልድ ከኋላ በቀበቶው ያዘው።

«እንደ ውሻ አትያዘኝ።»

«ውሻ ብትሆንማ እስካሁን ደርሰህ ነበር።»

መሃል ላይ ቆመ። ትንፋሹ አጭር ሆነ። ይመለሳል ብዬ ነበር፤ ዓይኑ ግን ውሃው ላይ ነበር። ቀጠለ። ዳር ሲደርስ ከዘራውን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጫፉ እስኪጠፋ ድረስ አየ።

«ጉልበት ድረስ ይታያል። እየጠራ ነው። ሮዙን፤ ጥፍር የምታክል ብቻ።»

እኔ መንጠቆው ላይ ቀዩን አደረግሁ። እኔ ያቀላሁት ስለሆነ እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም። ግማሽ ሰዓት ወረወርኩ። ክሩ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ቁልቁል ይሄዳል፣ አወጣዋለሁ፣ እንደገና እወረውራለሁ። አባቴ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ተንሳፋፊውን ብቻ ያያል። ቢናገር ይሻለኝ ነበር።

«ጨረስሽ?» አለ በመጨረሻ።

«አልጨረስኩም።»

አሥር ደቂቃ ጨመርኩ። ከዚያ፣ «እሺ፣ ሮዙን ስጠኝ» አልኩት። ጠርሙሱን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ ክዳኑን በግራ እጁ ከፈተ፤ ጥፍር የምታክለዋን ራሱ መረጠ። መንጠቆው ላይ ያለውን የክር ቀለበት ከፍቼ እንቁላሏን አስገባሁና ሳብኩ።

«አታንቂያት» አለ። «ልብ ብለሽ፣ ላላ አድርጊ።»

ፈጣኑ ውሃና ቀርፋፋው የሚገናኙበት መስመር ላይ ወረወርኩ። በሦስተኛው ተንሳፋፊው ሰመጠ። ድንጋይ ሲይዘው ደንገጥ ብሎ ይቆማል፤ ይኸ ግን ወደ ጎን ሄደ።

«አሁን» አለ አባቴ። እኔ ግን ቀድሜ ስቤው ነበር።

ዘንጉ ጎበጠ። ዓሣው ከውሃው ወጥቶ በጎኑ ወደቀ፤ እንደ ብር ያበራል። ሮጬ አባቴ ጋ ደረስኩና የዘንጉን እጀታ በቀኝ ብብቱ ሥር አስገባሁት። እኔ ዘንጉን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ እሱ በግራው ክሩን መጠቅለል ጀመረ። ድሮም በግራው ነበር የሚጠቀልለው። የጎደለው ቀኙ ነበር፣ እሱን እኔ ሆንኩለት።

«አንሺው።»

«አንስቻለሁ።»

«ሲሮጥ ተይው። አትታገዪው፣ ባልሽ አይደለም።»

«ባሌንም ትቼዋለሁ» አልኩት። ቶርቫልድ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ሆኖ ሳቀ።

ዓሣው ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ሲደርስ ቶርቫልድ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን አየ። «ትንሿ ክንፍ አለች። የዱር ነው።»

«ከውሃ እንዳታወጣው» አለ አባቴ። ሳላስበው ከዘራውን ተደግፎ ወንዙ ዳር በአንድ ጉልበቱ ወረደ። ቶርቫልድ መንጠቆውን ነቀለ። አባቴ የዓሣውን ጭራ ሥር በግራ እጁ ያዘና ፊቱን ወደ ላይኛው ውሃ አዙሮ ጠበቀ። ዓሣው ትንሽ ተነፈሰ፤ ከዚያ እጁን ጥሎት ሄደ።

«አሁን ደግሞ አንተን ማን ያነሳሃል?» አለ ቶርቫልድ።

«አንተ አይደለህም። ሲጋራ ትሸታለህ።»

እጄን ዘርግቼ ነበር። አባቴ አየኝና እጄን መለስኩ። ከዘራውን ሁለት ድንጋይ መሃል ተከለ። አንዴ ሞከረ፣ ተመልሶ በጉልበቱ ወረደ። ሁለተኛም እንደዚያው ሆነ። ቶርቫልድ ሌላ ቦታ አየ። በሦስተኛው ተነሳ፤ ሱሪው ውሃ እየተፋ፣ ማንም ሳይነካው።

በመኪናው ውስጥ ሲመለስ የእኔን ቀይ ጠርሙስ ጭኑ ላይ ይዞ ያገላብጠው ነበር።

«ቅዳሜ ይዘንባል» አለ።

«እና?»

«ወንዙ ይደፈርሳል። ለደፍራሽ ውሃ ቀዩ ነው።»

«የእሳት አደጋ መኪናው?»

«ትንሽ በዝቶበታል። ግን ይሠራል።»

ቤት ስንገባ ወንበሩን አልፎ ወጥ ቤት ገባና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። ቀኝ እጁን በግራው አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አደረጋት። ከዚያ ከትንሿ ጣት ጀምሮ ራሱ ይከፍታት ጀመር።

«ምን ታያለሽ?» አለኝ። «ቶርቫልድን ሌላ እንቁላል አምጣ በይው።»