በመዳፍ የተመዘነው

ስክሪኑ ላይ የፀሐዩ ብርሃን በሩ ጋ ሲደርስ ኮምፒዩተሩ ድርግም አለ። ለአራተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ንድፍ ሠሪዋ በጠቆረው ስክሪን ላይ የራሷን ፊት እያየች ተቀመጠች። ከጥቂት ሰከንዶች በፊት እዚያ ቤት ነበር፤ አባቷ ተወልዶ ያደገበት፣ ለመንገድ ሥራ ከፈረሰ ሃያ ዓመት ያለፈው ቤት። እሱ እየነገራት እሷ እየሳለች፣ ግድግዳውን ከነስንጥቁ፣ በረንዳውን ከነጥላው መልሳ አቁማዋለች። የቀራት የጠዋት ፀሐይ በበሩ ገብታ ክፍሎቹን ስትዞር ማሳየት ብቻ ነበር።

አዲሱን ግራፊክስ ካርድ የገዛችው ለዚሁ ነው። ሐኪሙ የአባትሽ ዓይን የሳምንታት ዕድሜ ነው የቀረው ካላት ወዲህ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ካርዱ የሚፈልገውን ዋት ከሌላው ዕቃ ጋር ደምራ፣ ለኮምፒዩተሩ ኃይል የሚሰጠው ያው አሮጌው ፓወር ሰፕላይ ይበቃል ብላ ነበር። ድምሩን ሦስቴ አጣርታዋለች፤ ማሽኑ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አላት።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ የተቃጠለ ሞተር በመዳብ ሽቦ ሲጠቀልል የኖረ ሰው ነው። ከወንበሩ ሳይነሳ እንዴት እንደደመረች ጠየቃት። ነገረችው። ፈገግ አለ።

«የደመርሽው ሲሮጥ የሚበላውን ነው፣ ልጄ። ሞተር ሲነሳ ከዚያ በላይ ይጎርሳል። ያንቺም ዕቃ ድንገት የሚጎርስበት ጊዜ አለው።»

ሌላ ፓወር ሰፕላይ ሊገዙ ክንዷን ይዞ አብሯት ወጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ መንገዱን ስስ ብርሃን ሞልቶት ሰው ሁሉ ውሃ ውስጥ የሚራመድ ይመስላል። አባቷ ጉድጓዱን ሁሉ በቃሉ ስለሚያውቅ አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። ይህን አይታ ልቧ ትንሽ ተጽናና።

ባለሱቁ ሁለት ካርቶን አወጣላቸው። በአንዱ ስምንት መቶ ሃምሳ፣ በሌላው ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ተጽፏል። ትልቁ እያለ ምን ያስጨንቃችኋል አለ። አባቷ ሁለቱም ከካርቶናቸው እንዲወጡ ለመነ፤ ግራና ቀኝ በመዳፎቹ ይዟቸው ዓይኑን ጨፈነ። ሱቁ ውስጥ ጊዜ የቆመ መሰላት። ልጅ ሳለች እሷንም እንዲህ አንስቶ፣ ከብደሻል ይላት ነበር።

«ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው» አለ ትልቁ ቁጥር ያለበትን እየመለሰ። «ሆዱ ውስጥ መዳብ ቢኖር እንዲህ አይቀልም።»

ባለሱቁ ከአንገት በላይ ሳቀ። እነሱም ከባዱን ይዘው ተመለሱ።

ኬብሎቹን አንድ በአንድ ሰክታ አስነሳችው። ማራገቢያው በዝግታ መዞር ጀመረ። ብርሃኑ በሩ ጋ ሲደርስ ትንፋሿን ዋጠች። አለፈ። ወደ ሳሎኑ ገባ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ላይ ተንፏቀቀ፣ መስኮቱን አቋርጦ ጓሮው ላይ ተዘረጋ። ዕንባዋ መጣ። ይህን ሲያይ ምን ይል ይሆን እያለች ስንት ቀን አስባለች።

አባቷ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የስክሪኑ ብርሃን በተከፈቱት ዓይኖቹ ላይ ነው።

«ድምፁ ደስ ይላል፤ አልጨነቀውም» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ጀመረ እንዴ?»

ቤቱ ከፊቱ ወለል ብሎ ነበር። ልጁ ሥዕሉን ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

«ሊጀምር ነው፣ አባዬ» አለችና ወንበሩን ወደ ስክሪኑ አስጠጋችው።