የግራ ጌታ ቀኝ ዳሌ

ወለተሩፋኤል ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ተቀምጣ ስትጸልይ ሁለት ነርሶች እየተነጋገሩ በፊቷ አለፉ።

«የግራ ዳሌው በሽተኛ ገቡ?» አለች አንዷ።

«ገብተዋል፤ ማደንዘዣ ወስደው ተኝተዋልም» አለች ሲስተር ፀደይ።

የግራ! ወለተሩፋኤል ጸሎቷን አቋረጠች። ዛሬ ለዳሌ የገባ ከባሏ ከባዬ በቀር ማንም የለ፤ እሳቸውን የሚያማቸው ደግሞ ቀኙ ነው። ሰግደው መነሣት፣ ማኅሌት ቆመው ማሸብሸብ አቅቷቸው ሦስት ዓመት የተሠቃዩት በቀኙ ነው። አጥንት ካጥንት እየተፋጨ ነው አሏቸው። ቆዳቸውን በሁለት ቦታ ትንሽ በስተው፣ በቀጭን ካሜራ እያዩ ትርፍ የበቀለውን አጥንት ሊሞርዱላቸው ካምባ ጊዮርጊስ እዚህ ድረስ መጡ። እንግዲህ ደህናውን ሊሞርዱት ነው!

ምን ነካቸው ስትል ጠዋት የሆነው ትዝ አላት። ፀደይ ወረቀቷ ላይ አቀርቅራ «ቀኝ ነው ግራ?» ብትል፣ ሰውዬው ደረታቸውን ነፍተው «ግራ ጌታ!» አሉ። በግራ በኩል የሚቆሙት መዘምራን መሪ ናቸውና ማዕረጋቸውን የተጠየቁ መሰላቸው፤ ጉድ እኮ ነው! ደብር ውስጥ ያረጀ ሰው ቀኝ ነህ ግራ ቢሉት ዳሌውን መች ያስባል? እሷም አጠገባቸው ቆማ ኩራታቸውን እያየች በሆዷ ሳቀች እንጂ አላረመችም። ምን አፏን ዘጋው?

ተነሥታ በሩን ደበደበችው።

«ምነው እናቴ?» አለች ፀደይ ብቅ ብላ።

«ልጄ፣ ቀኙ ነው! ግራ ጌታማ ሹመታቸው ነው!»

የፀደይ ፊት ዐመድ መሰለ። ንጹሕ ጋውን አልብሳ እጇን ይዛ አስገባቻት። ተመስገን፣ ዶክተር ምንይችል ገና አልጀመረም። ነገሩን ሲሰማ ደነገጠና «የራጁን ፊልም አምጡልኝ» አለ፤ ወደ እሷም ዞሮ «እስቲ እርስዎ ያሳዩኝ» አላት።

ባሏ በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ ግራ ዳሌያቸው ላይ ሰማያዊ ምልክት አለ። በእግራቸው በኩል ቆማ ብታይ ቀኝና ግራው ተዘባረቀባት። የሳቸው ቀኝ በሷ ግራ፣ የሳቸው ግራ በሷ ቀኝ... ብትሳሳትስ? ዞራ በራስጌያቸው በኩል መጣችና፣ ዘወትር ማታ ማታ ስታሽላቸው እንደኖረችው ዐይኗን ጨፍና እጇን ሰደደች።

«ይኼ ነው» አለች።

ዶክተሩ ፊልሙን ብርሃን ላይ አድርጎ አየ። «ልክ ነዎት» አለና የግራውን ምልክት በአልኮል ጠርጎ አጠፋ። እስክሪብቶውን አነሣ።

«በቃ እናቴ፣ አሁን እጅዎን ያንሡልኝ።»

«አላነሣም» አለች። «መጀመሪያ በእጄ ዙሪያ አስምርበት።»