ከኮረብታው የወረደው

አማች የሆነ ሰው በአንድም በሌላም መታሰሩ አይቀርም፤ ይህኛው አማች ግን የታሰረው በጓጉንቸር ነው።

ነገሩ የሆነው ረፋድ ላይ ነው። አማቹ፣ ማለትም የማዕድን ገምጋሚው፣ የድንጋይ ናሙና ማስቀመጫው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ፣ ከቤተ ሙከራ የደወለችለትን ሴት አመስግኖ ስልኩን ኪሱ እንደከተተ፣ የብረቱ በር ከኋላው ድርግም ብሎ ተዘጋ። ነፋስ መስሎት ነበር። ቀጥሎ ግን የቁልፍ ቅጭልታ ሰማ።

«አባባ! እኔ ውስጥ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ። ባዶ ቤት እቆልፋለሁ እንዴ?» አሉ አማቱ ከውጭ።

አማቱ የናሙና ቤቱ ጥበቃ ናቸው። ያላቸውን ቁልፍ ሁሉ በአንድ ትልቅ ቀለበት ሰክተው ወገባቸው ላይ ስለሚያንጠለጥሉ ሰፈሩ «አባ ቁልፍ» ይላቸዋል፤ ከመታየታቸው በፊት ይሰማሉ። ዛሬ ግን ቀለበቱን በመዳፋቸው ጨብጠው፣ እንደ ሌባ በጣታቸው እየረገጡ ነው የመጡት።

«ምን አጠፋሁ ታዲያ?»

«እስካሁን ምንም። ልታጠፋ ስትል ነው የደረስኩብህ። ስልኩን ስታወራ ፊትህን አይቼዋለሁ፤ አመድ ነው የመሰለው። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ዛሬ ይመጣል፤ አንተ አያዋጣም ትለዋለህ፤ እሱ ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል፤ ወንዶች ልጆቼም ከቁፋሮው ሥራ ተባረው ቤት ይገተራሉ። ያዋጣል ብለህ ማልልኝ፣ አሁኑኑ እከፍትልሃለሁ።»

አባ ቁልፍ ያሉት ቀልድ አልነበረም። ኩባንያው ኮረብታው ውስጥ ዩራኒየም አለ ብሎ ሲያስቆፍር ከርሟል። ገምጋሚው የተቀጠረው አንዲት ጥያቄ እንዲመልስ ነው፦ ይህ ነገር ወጥቶ፣ ተጣርቶ፣ ተሽጦ ወጪውን ችሎ ያተርፋል ወይስ አያተርፍም? ለጥቂት ጊዜ ብሎ መጣ። ሌላው ሰው ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል፤ እሱ ሥራውን ሳይጨርስ የጥበቃውን ሴት ልጅ አግብቶ፣ ጭራሽ አማቱ ግቢ ገብቶ ተቀመጠ።

ናሙና ቤቱ በሩ አንድ ነው። መስኮቱም አንድ ነው፤ ፍርግርግ ብረት ያለው፣ ከፍ ብሎ የተሠራ። ጣራው ቆርቆሮ ስለሆነ ፀሐይዋ ከፍ ባለች ቁጥር ቤቱ ይግላል። ከኮረብታው ሆድ ተቆፍሮ የወጣው ድንጋይ፣ እንደ ዱላ ድብልብል ብሎ፣ በረጃጅም ሣጥኖች ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድሯል። ገምጋሚው አንዱን ሣጥን ስቦ ወጣበትና በፍርግርጉ ወደ ታች ተመለከተ። የታችኛው ሰፈር ጣራዎች ከኮረብታው ግርጌ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የአማቱ ቤት፣ ማለትም የሚስቱ ቤት፣ ማለትም እሱ ራሱ የሚያድርበት ቤት፣ መታጠፊያው ላይ ነው። ግቢው ውስጥ አባ ቁልፍ በገዛ እጃቸው የቆፈሩት የውሃ ጉድጓድ አለ። ውሃ የሚቀዱት፣ የራሳቸው ጉድጓድ የሌላቸው ጎረቤቶች ሰልፍ እዚህ ድረስ ይታያል።

የቤተ ሙከራዋ ሴት የነገረችው እንዲህ ነው። ኮረብታው ባዶ ነው። ፍርፋሪ አይጠፋውም፤ ግን ለመቆፈሪያው ነዳጅ እንኳ አይበቃም። ዩራኒየሙ አንድ ዘመን እዚያ ነበረ። ዝናቡ በድንጋዩ ስንጥቅ እየገባ አሟሟውና፣ ሰው ሊቆጥረው በማይችለው ዘመን፣ እያንጠባጠበ ወደ ታች አወረደው። ታች ደግሞ ድሮ ረግረግ የነበረ፣ ቅጠልና ሥር የበሰበሰበት ጥቁር ጭቃ አለ። እንዲህ ዓይነቱ ጭቃ ከውሃው ውስጥ ዩራኒየሙን እየያዘ ያከማቻል። አባ ቁልፍ ጉድጓዳቸውን ሲቆፍሩ ይህን ጭቃ አግኝተውት ኖሮ «እንደ ቅቤ የለሰለሰ፣ እንደ ከሰል የጠቆረ» እያሉ ለመጣው ለሄደው ሁሉ ያወራሉ። ገምጋሚው ወሬውን ሲሰማ ሙያው አላስቀምጥ አለውና፣ ከጭቃው አንድ እፍኝ፣ ከውሃውም አንድ ጠርሙስ፣ ከኮረብታው ድንጋይ ጋር አብሮ ላከ። ምነው እጄን በሰበረው ያሰኘው ይኸው ነው።

አሁን ሁለቱንም አወቀ። ጭቃው ጥልቀት የለውም፣ ለቁፋሮ አያስቸግርም፣ የያዘውም ብዙ ነው፤ ያዋጣል፣ ያውም እንዴት አድርጎ! ውሃው ግን የሚጠጣ አይደለም። በአንድ ቀን አይገድልም፣ አንድ ብርጭቆም ማንንም አይጎዳም፤ ቀስ እያለ ኩላሊት ነው የሚያበላሸው። ሚስቱ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት፤ ጠዋትም ማታም ከዚያ ጉድጓድ ትጠጣለች።

ታዲያ ለምን ዘሎ አይናገርም ትሉ ይሆናል። ውሃው ምን ሆነ ቢባል መልሱ ዩራኒየም ነው። ዩራኒየሙ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከእግራችሁ ሥር ነው። ይህ ከኩባንያው ጆሮ የገባ ዕለት የታችኛው ሰፈር እንዳለ ይነሳል፤ ቤቱም፣ ግቢውም፣ አባ ቁልፍ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሁሉ ይታረሳል። አንዱን ተናግሮ ሌላውን መደበቅ አይቻልም። ዝም ቢል ደግሞ ሚስቱ ስትጠጣ እያየ ነው። ግራ ገብቶት አፉን በእጁ ይዞ ሳለ ነው እንግዲህ በሩ የተዘጋበት። እውነቱን ለመናገር፣ በሩ ክፍት ቢሆንም መሄጃ አልነበረውም።

«አባባ፣ ኮረብታው ውስጥ የለም» አለ በመጨረሻ።

«የለም ብሎ ነገር! መጀመሪያ የመጡት ሰዎች ያንን የጨረር መለኪያ ጀርባዬ ላይ ጭነውብኝ አይደል ኮረብታውን ያስዞሩኝ? ጫፉ ላይ ስደርስ ጩኸቱ ጆሮዬን ሊያደነቁረኝ! የሌለ ነገር ይጮኻል?»

«የሚጮኸው ዩራኒየሙ አይደለም፤ ከሱ የተወለደ ሌላ ነገር ነው። ዋናውን ውሃ ሲወስደው ያኛው እዚያው ቀረ። እንግዳ ከሄደ በኋላ ሽቶው ሶፋው ላይ ይቀር የለ? እንደዚያ በሉት።»

አባ ቁልፍ ትንሽ አሰቡ። «እሺ፣ እንግዳው የት ሄደ?»

ገምጋሚው በፍርግርጉ ወደ ታች፣ ወደ ጣራዎቹ አየ።

«አየህ! አታውቀውም። በማታውቀው ነገር የሰው ቤት አታፍርስ፣ ልጄ። እዚያው ሁንና አስብበት።»

ገምጋሚው ላቡን በእጅጌው ጠረገ። የታሰረ ሰው ይናደዳል ይባላል፤ እሱ ግን ከመናደድ ይልቅ አፈረ፤ የሚያስፈራው ከውጭ ያሉት ሽማግሌ ሳይሆኑ በገዛ አፉ ውስጥ ያለው ቃል ነበር።

ወዲያው የሚስቱ ድምፅ ተሰማ። ዳገቱን ወጥታ እያለከለከች ነው።

«አባዬ፣ ምነው በሩን ተደግፈህ ተቀመጥክ?»

«ባልሽን አስሬዋለሁ።»

«እሰይ! እኔ ያቃተኝን ሠራህልኝ። ውሃስ አያምረውም? ይዤላችሁ መጥቻለሁ» አለች እየሳቀች። «ቆይ ግን፣ መጀመሪያ እኔ ልጠጣ፤ ነደድኩ።»

ገምጋሚው ሣጥኑ ላይ ዘሎ ወጣ። ሚስቱ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጆጉን ከጎኗ አስደግፋ፣ ሙሉ ብርጭቆ ወደ አፏ ስትወስድ በፍርግርጉ አያት። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር።

«አትጠጪ!» ብሎ ጮኸ። «አትጠጪ! ድፊው!»

ብርጭቆው ከእጇ አፈሩ ላይ ወደቀ። አባ ቁልፍ ተነስተው መስኮቱ ሥር ቆሙ። ከዚያ በኋላ መደበቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ ሁሉንም ዘረገፈው፤ ዝናቡን፣ ጥቁሩን ጭቃ፣ ውሃውን፣ ኩላሊቱን።

«ውሃዬን?» አሉ አባ ቁልፍ። «የኔን ውሃ ነው እንዲህ የምትለው? ሥራ አስኪያጁ እንኳ የታሸገ ውሃውን መኪናው ውስጥ ትቶ የኔን ነው የሚጠጣው!»

«አባባ፣ እኔም እኮ የምጠጣው እሱኑ ነበር።»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ። ሆዷን አዩ። ቁጣቸው እዚያው ላይ በረደ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?» አለች ሚስቱ፤ አሁን አትስቅም።

«ዛሬ ጠዋት። ስልኩ ሲደወል።»

«እና ስልኩን እንደዘጋህ ለምን አልጠራኸኝም?»

ይህቺን ጥያቄ ዕድሜ ልኩን እንደማይረሳት አወቀ።

አባ ቁልፍ ቀለበቱን አገላብጠው ቁልፉን ፈለጉ። ሁልጊዜ ሳያዩ የሚያወጡትን ቁልፍ ዛሬ አጡት። «ስለዚህ እንግዳው ታች ነው የሄደው» አሉ እየፈለጉ።

«ታች ነው።»

«ከቤቴ ሥር።»

«ከቤትዎ ሥር፣ አባባ።»

በሩ ተከፈተ። አማችና አማት ፊት ለፊት ተያዩና ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። ልጅቷም ጆጉንና ሳይሰበር የቀረውን ብርጭቆ አንስታ አባቷን ተከትላ ገባች።

«ስማኝ» አሉ አባ ቁልፍ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ኮረብታው አያዋጣም በለው፤ እውነት ነው፣ አልዋሸህም። ይሂዱ። ልጆቼም ሌላ ሥራ ይፈልጉ። ጉድጓዱን ዛሬውኑ እደፍነዋለሁ፤ ተናደ ብዬ አወራለሁ።»

«ጎረቤትስ?» አለች ልጃቸው። «የነሱም ጉድጓድ ያው ጭቃ ላይ አይደል? ከጎናችን ያለችው አራስ ምን ልበላት? ያንቺም ተንዷል ልበላት?»

አባ ቁልፍ ቀለበቱን ወገባቸው ላይ መልሰው አንጠለጠሉት። «ላስብበት» አሉ። «እስከዚያ ዝም። ሦስታችንም ዝም።»

የማሰቢያ ጊዜ ግን አልተገኘም። የሥራ አስኪያጁ መኪና አቧራውን እያቦነነ ዳገቱን ጨረሰ። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ፀጉሩ በዚሁ ሙያ የሸበተ፣ ሽማግሌ ሲያይ ቆቡን የሚያወልቅ ሰው ነው። ሰላምታውን ሰጥቶ ገባና አንዱ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«እሺ ወንድሜ፣ አታስጨንቀኝ። ያዋጣል?»

«ኮረብታው አያዋጣም» አለ ገምጋሚው። «ዩራኒየሙን ውሃ ወስዶታል። መለኪያው የሚጮኸው በቀረው ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ጠርጥሬ ነበር» አለ። ተጨማሪ አልጠየቀም፤ ደክሞታል፣ ሐሳቡ ምናልባት ሠራተኞቹን እንዴት እንደሚያሰናብት ነበር። በዚያው እንደ ልማዱ ጆጉን ሳበና ብርጭቆውን ሞላ። «ቢያንስ የአባባን ውሃ ጠጥተን እንሂድ።»

ገምጋሚው ብርጭቆውን አየ። አንድ ብርጭቆ ማንንም አይጎዳም። ሰውየው ይጠጣል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል፤ ጣራዎቹ ባሉበት ይቀራሉ። ሚስቱን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዝም ማለት በሕይወቱ እንደዚያን ጊዜ ቀሎት አያውቅም፤ እንደዚያን ጊዜም ጠልቶት አያውቅም።

ብርጭቆው ከንፈር ሊነካ ሲል ጠይም፣ ሻካራ እጅ የብርጭቆውን አፍ ከደነው። አባ ቁልፍ ነበሩ።

«ይቅርብዎት፣ ጌታዬ።»

«ምነው አባባ?»

«ይቅርብዎት ብያለሁ። መጥፎ መሆኑን የማውቀውን ነገር ለእንግዳ አጠጥቼ አላውቅም» አሉ። «ተበላሽቷል።»

ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ብርጭቆውን አየ። ገምጋሚውን አየ። ከዚያ ተነስቶ በተከፈተው በር ወደ ታች፣ ጣራዎቹን አሻግሮ አየ።

«ጉድጓድዎ ጥቁር ጭቃ ነበረው ብለውኝ ነበር» አለ ሳይዞር። «እንደ ቅቤ የለሰለሰ።»

ያንን ወሬ ሲያወሩ የኖሩት አባ ቁልፍ ራሳቸው ናቸው።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ገምጋሚው ዞረ። ፊቱ ላይ ደስታ አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ፊት ነበር። «እዚያስ?» አለ። «እዚያስ ያዋጣል?»

ገምጋሚው ሚስቱን አየ። እሷ ጆጉን አንስታ ወደ ደጅ ወጣችና የቀረውን ውሃ አፈሩ ላይ ደፋችው። እየተመለሰች «ንገረው» አለችው። «ጠዋት ያልነገርከኝን አሁን ንገረው። አራሷም ትስማ፣ ሰፈሩም ይስማ።» ጉንጮቿ ረጥበው ነበር።

«ያዋጣል» አለ።

አባ ቁልፍ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አሉ። የቁልፍ ቀለበታቸውን ከወገባቸው ፈትተው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡትና፣ ከብዙዎቹ መካከል የቤታቸውን ቁልፍ ለይተው በሁለት ጣታቸው ያዙት።

«ጠዋት ይቺን አንዲት ቃል ብትላት ኖሮ» አሉ፣ «በሩን ያኔውኑ እከፍትልህ ነበር።»

በሩማ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ለመውጣት ግን ማንም አልተነሳም።