አምብሮስ ትቶት የሄደው የማታ ዜማ

አምብሮስ ቶሊቨር ከተቀበረ ወዲህ ሚስቱ ሄስተር አንድም ቀን አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ናት» አለ። ጥንካሬ ግን አልነበረም፤ ውስጧ ሲቀመጡበት እንደደነዘዘ እግር ሆኖ ቢቆነጥጡትም አይሰማውም። ጠዋት ውሻውን ታንሸራሽራለች፤ አመሻሹ ላይ ካቴድራሉ ሄዳ አምብሮስ ዕድሜውን ሙሉ ይመራቸው ከነበሩት መዘምራን ጋር ቆማ ትዘምራለች።

አንድ ሐሙስ አዲሱ መሪ ክሪስፒን ከልምምድ በፊት እየተሽኮረመመ ቀረባት።

«ወይዘሮ ሄስተር፣ ለዛሬ የተያዘው የማርያምና የስምዖን ጸሎት የባለቤትዎ ዜማ ነው። ከከበደዎት እንቀይረው፤ ሌላ ሞልቷል።»

«ለምን ተብሎ? ይዘመር እንጂ» አለችው።

አምብሮስ ዜማውን ሲደርስ የስምዖንን ጸሎት መክፈቻ ለወዳጁ ለጊልበርት ወፍራም ድምፅ ነበር የሰጠው፤ ጊልበርት መጨረሻ ላይ ያለችውን ዝቅተኛ ድምፅ ሁልጊዜ ቢስታትም ግድ አልነበረውም። ያኔ ሄስተር አኩርፋ «ለእኔስ?» ብትለው፣ «አንቺዬ፣ ስምዖን እኮ ሽማግሌ ነው። ጢም ላብቅልብሽ?» ብሎ አስቋት ነበር።

በማታው ጸሎት ላይ የማርያም ጸሎት በደህና ተዘምሮ አለፈ። ከዚያ ኦርጋኑ ዝቅ አለና ጊልበርት ብቻውን ጀመረ። «ጌታ ሆይ፣ አሁን...» ድምፁ ታነቀ። ደግሞ ሞከረ፤ እምቢ አለው። ፊቱን በመጽሐፉ ሸፈነ። የክሪስፒን እጅ አየር ላይ ቀረ።

ሄስተር የጊልበርትን መክፈቻ ልዘምር ብላ አላሰበችም። አፏ ግን ተከፈተ፤ «ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» ብላ በራሷ ድምፅ ከተቋረጠበት ቀጠለችው። ከጎኗ ያሉት እንባቸውን ይጠርጋሉ። እሷ የምታስበው የግራ ጫማዋ እንደጠበባት ነበር። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ጸሎቱም አለቀ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጊልበርትን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ አገኘችው።

«አምብሮስን አዋረድኩት» አለ።

«ቢኖር እስኪያመው ይስቅብህ ነበር።»

«አንቺስ እንዴት ቻልሽው?»

«ምኑን ቻልኩት? ምንም አልተሰማኝም። የራሴ ባል የደረሰውን ዜማ እንደ ጎረቤት ሬዲዮ ነው የምሰማው። ክፉ ሴት ነኝ መሰለኝ።»

ጊልበርት ካፖርቷን አቀበላት። «ነይ በይ፣ ራት እንብላ።»

ጥጉ ላይ ካለው መጠጥ ቤት ገብተው በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ የከብት ሥጋ አዘዙ። ሳህኗን ጠርጋ በላች፤ ጣዕሙ ግን አልታወቃትም።

በማግስቱ ክሪስፒን መክፈቻውን ለዘለቄታው እንድትይዘው ለመናት። «የጊልበርት ነው፤ ለእሱ ነው የተጻፈው» ብላ ዘጋችው።

የካቲት ብቶ ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ ቤተ መቅደስ የገባበት በዓል ሲደርስ ዜማው እንደገና ተያዘ። ጊልበርት ተነሥቶ መክፈቻውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘለቀው። ሄስተር በቦታዋ ቆማ የሆነ ስሜት እስኪመጣላት ጠበቀች። አልመጣም። መጨረሻ ላይ ብቻ፣ ጊልበርት ዝቅተኛዋን ድምፅ እንደ ልማዱ ሲስታት፣ ሄስተር ከጎኗ የቆመችውን ሴት «ሰማሽው?» በሚል በክርኗ ጎሸም አደረገቻትና ገጹን ገለጠች።