የጥር ናሙና

ቬቱሪያ የጽሕፈት መኪናዋን በአንሶላ ጠቅልላ፣ በሁለት እጇ አቅፋ የፖሊስ ጣቢያውን ደረጃ ወጣች። በየዓመቱ ጥር በገባ ቁጥር እንዲህ ታደርግ ነበር። የጽሕፈት መኪና ያለው ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ይሰለፋል፤ ተራው ሲደርስ የሚሰጠውን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ ይመታል፤ ናሙናው ይቀመጣል። ነገ አንድ ወረቀት መንግሥትን ቢያማ፣ በየትኛው መኪና እንደተጻፈ ከፊደሎቹ ጠባይ ይታወቃል። የቬቱሪያ መኪና አንዷ ፊደል ከመስመሩ ከፍ ትላለች። ወንድሟን የበላችው ይህቺው ፊደል ናት።

ዘንድሮ ሰልፍ የለም። መንግሥት ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀር ወድቋል፤ ያን ሰሞን ሩማንያ በሙሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ሲተቃቀፍ ነበር የከረመው። ቬቱሪያ ግን ማንንም አላቀፈችም። ሃምሳ አለቃ ጋቭሪላ ክንዱ ላይ የአብዮቱን ባለ ሦስት ቀለም ጨርቅ አስሮ፣ ምድጃው ውስጥ ወረቀት ይማግዳል። እንዲህ ያለ ሰው መቼም የትም አይጠፋም።

«ምን እግር ጣለሽ፣ ጓድ…» ብሎ ምላሱን ነከሰ። «ወይዘሮ ቬቱሪያ ማለቴ ነው። ይሄ ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ እኮ።»

«ናሙና ልሰጥ ነው።»

«የምን ናሙና? እሱማ ቀረ። ያኔ የወሰድነውን መኪና የመለስንልሽ እንድትሠሪበት ነው። ከፈለግሽ አሁን መድፍም ግዢ፣ ማንም አይጠይቅሽም።»

«ግዴለም ውሰድ። ከጥቅምቱ ደብዳቤ ጋር አስተያየው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ኔሉ አይደለም። መዝግብልኝ።»

ደብዳቤው ሁለት ገጽ ነበር። ስለሚቀዘቅዘው ቤት፣ ስለ ዳቦው ሰልፍ፣ ለውጭ አገር ሬዲዮ የተላከ። ፖሊሶቹ የመጡ ጊዜ ቤተሰቡ ገበታ ላይ ነበር። ኔሉ ማንኪያውን አስቀምጦ፣ «እኔ ነኝ» አለ። ስለ ደብዳቤው የሚያውቀው ነገር አልነበረም፤ የእህቱን ፊት አይቶ ነው የገባው። ቬቱሪያ ጭልፋ እንደያዘች ዝም አለች። ኔሉ ሜዳልያ የተሸለመ ወዛደር ነው፣ ተቆጥተው በሁለት ቀን ይለቁታል ብላ ራሷን አታለለች። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሬሳው መጣ። አብሮት የመጣው የሞት ወረቀት «ልብ» ይላል።

ጋቭሪላ የምድጃውን በር ዘጋ።

«እናውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ኔሉ ቀኝ እጁ ላይ ስንት ጣት ነበረው?»

ሁለት። ሦስቱን የፋብሪካው ማሽን ወስዶበታል።

«እዚችው መኪና ፊት አስቀመጥነው። አንድ መስመር ለመምታት ስንት ሰዓት ፈጀበት መሰለሽ፤ ያውም እየተሳሳተ። ያንቺ ደብዳቤ አንድ ስሕተት የለበትም። አለቆቹ፣ ‹የእህትህን ስም ጥራና ቤትህ ግባ› ሲሉት በሩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ። እንቢ አለ። እነሱም ቢሆኑ የፈለጉት አንድ ጥፋተኛ ነው፣ እሱ ደግሞ ፈርሟል። እኔ ግን ትመጣለች እያልኩ በመስኮት መንገድ መንገዱን ሳይ ነበር።»

«እሱስ? ትመጣለች ብሎ ጠብቆኝ ነበር?»

«‹እህቴ ፈሪ ናት፣ አትንኩብኝ› አለ።»

ቬቱሪያ መኪናዋን ፊቱ አኖረችው።

«ይኸው መጣሁ። ክሰሰኝ።»

«በየትኛው ሕግ? ፋይሉም ያው» አለ ምድጃውን በአገጩ እያሳየ። «ከሳሽ የለ፣ ዳኛ የለ። ቤትሽ ግቢ። ለእኔም ላንቺም የሚሻለው ይሄ ነው።»

ያንን መንግሥት ዕድሜዋን ሙሉ ጠልታዋለች። አሁን ግን ለአንድ ሰዓት ብቻ ተመልሶ፣ ስሟን ጽፎ፣ በሩን እንዲቆልፍባት ተመኘች። ዘግይታ ነበር፤ ጥፋቷን የሚቀበላት እንኳ አልቀረም። መኪናዋን አቅፋ በበረዶው ወረደች።

ቤት ስትደርስ የኔሉ ሚስት ሳቬታ፣ የገና በዓል በዋለ በአራተኛው ቀን የተወለደችውን ሕፃን ታጠባለች። ጠረጴዛው ላይ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ቅጽ አለ።

«ጎሽ፣ ታይፑን አመጣሽው። ይሄ የሰማዕታት ቅጽ በታይፕ ካልተሞላ አይቀበሉም። መንገዱንም በስሙ ሊሰይሙት ነው። ነይ ቁጭ በይ።»

«ሳቬታ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ።»

«ጻፊ። ‹ባለቤቴ ኔሉ ደብዳቤውን በገዛ እጁ…›»

የቬቱሪያ ጣቶች ቆሙ።

ሳቬታ ሕፃኗን ወደ ሌላኛው ጡቷ አዛወረች። ቀና ብላ አላየቻትም።

«የሸሚዙን ቁልፍ የምቆልፍለት እኔ ነበርኩ፣ ቬታ። ጠዋት ጠዋት፣ አራት ዓመት ሙሉ። እና ዛሬ ምን ልትነግሪኝ ነው?»

ቬቱሪያ እጆቿን ከመኪናው ላይ አነሳች።

«ያን ጊዜ፣ ዛሬ ትሄዳለች፣ ነገ ትሄዳለች ስል አሥራ አንድ ሌሊት አልተኛሁም። በእግርሽ ወድቄ እንዳልለምንሽ፣ ሲወስዱት በጆሮዬ ‹ከአፍሽ ቃል ይውጣና› ብሎ አስምሎኛል። አሁን ላንቺ ቅልል እንዲልሽ ብዬ አልሰማሽም። ልጄ ያለ አባት ቀርታለች፤ ስሙን እንኳ አትነጠቅም። ጻፊ፣ ‹በገዛ እጁ ጻፈ›።»

ቬቱሪያ ጻፈች። አንድም ስሕተት አልነበረበትም። ያቺ ፊደል ብቻ፣ በመጣች ቁጥር፣ ከመስመሩ ከፍ አለች።