ከሰባቱ ሁለቱ

ሰዓት ሠሪው የሞተችውን አምስተኛ ዓሣ በሻይ ማጥለያ ከመስታወት ገንዳው ሥር አወጣት። የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል አምባዛ ናት። ሰዓት የሚመለከትበትን ማጉያ ዓይኑ ላይ ሰክቶ አፏን አየ። ጢሟ የለም፤ እስከ ሥሩ ተበልቶ ቦታው ቀልቷል።

ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በማንም ማሳበብ አይችልም። ሚስቱ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ ከሰባቱ አምባዛዎቿ አንዷን በየማለዳው ፎቶ አንስቶ በመጠየቂያ ሰዓት ያሳያታል። እሷ ስታነሳ ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ፣ ዓሣዋ ቀና እስክትል ትንፋሿን ውጣ ትጠብቅ ነበር፤ ድንገት የገባ ጎረቤት ወድቃ መስሎት ስንቴ ደንግጧል። የእሱ ፎቶ ግን አላምር አለ። ጥቁር አሸዋ ላይ ጠቆር ያለ ዓሣ ማን ያያል? አንድ ቀን ሚስቱ፣ ከሰል ነው እንዴ ያነሳኸው ብላ ሳቀችበት። በማግስቱ አሸዋውን ዝቆ አወጣና ነጭ ስብርባሪ ጠጠር አፈሰሰበት።

ፎቶው አማረ። ሲያጌጡ ይመላለጡ ሆነና፣ ቀኑን ሙሉ በጢማቸው ሥሩን እየማሱ ምግብ የሚፈልጉትን ምስኪኖች የጠጠሩ ስለት ሞረዳቸው። ነገሩ ገብቶት ጠጠሩን አውጥቶ አሸዋውን ሲመልስ ሦስቱ ሞተው ነበር፤ የቀሩትም ቁስል ቶሎ አልሽር አለ።

የሚስቱ ታናሽ እህት ምሳ ዕቃውን ልትወስድ መጥታ ማጥለያውን አየች። እንዳትነግራት ብላ ለመነችው። ሐኪሙ በወሩ መጨረሻ ትወጫለሽ ብሏታል፤ እስከዚያ ልቧን የያዘላት ይኸው ፎቶ ነው። “ጋሼ፣ ስትመጣ ራሷ ታየዋለች” አለችው። እሱም እሺ አለ። ከቀሩት ከሁለቱ አንዷን፣ ሌላ እንድትመስል በግራ ጎኗ አነሳና ዓይኑን በጨው አጥቦ ሆስፒታል ሄደ።

ሚስቱ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን በሁለት ጣቷ አሰፋችው። ከዚያ የትናንቱን አየች፤ የሰኞውንም። ሠላሳ ዓመት የፈተና ወረቀት ያረመች መምህርት ናት፤ ኩረጃ አያመልጣትም።

“ይቺ ሦስት ነጥብ ያላት ናት” አለች።

“አዎ።”

“ሰኞም እሷ ነበረች። ትናንት ደግሞ ጅራቷ የተቀደደባት።” ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አኖረችው። “ስንት ቀሩ?”

ሳምንቱን ሙሉ ያዘጋጀው ውሸት አንዱም አልመጣለትም።

“ሁለት” አለ በመጨረሻ። “እኔ ነኝ የፈጀኋቸው፣ ቲቸር።” የጠጠሩን ነገር ከመነሻው ነገራት። ትቆጣኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትቆጣው በወደደ። እሷ ግን መስኮቱን ታይ ነበር።

“እኔም ዋሽቼሃለሁ” አለች። “ሐኪሙ ድነሽ ትወጫለሽ አላለኝም።”

“ታዲያ ምን አለሽ?”

“ከዚህ በኋላ የምናደርግልሽ የለም አለኝ። ሥቃይ ማስታገሻውን ቤትም ሆነሽ መውሰድ ትችያለሽ አለ።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አንተስ ለምን አልነገርከኝም?”

ሰዓት ሠሪው እጇን ይዞ አለቀሰ፤ ከጎን አልጋ ያለችው በሽተኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረችለት። ሚስቱ እስኪወጣለት ጠበቀችውና ሁለቱ ምግብ ይበሉ እንደሆነ ጠየቀችው። ጠዋት በልተዋል አላት።

“እንግዲያው ሳልዘገይ ልያቸው። በስልክ አልበቃኝም።”

እሷ እዚህ እስከተኛች ድረስ፣ ለእሱ ገና እየታከመች ነው፤ ልትድን ነው። ቤት ወሰዳት ማለት ግን ተስፋውን በገዛ እጁ ቆረጠው ማለት ነው። ደግሞስ ሦስት ፎቅ ማን ይሸከማታል? ሌሊት ሲያማት ምን ያውቃል? ዓሣ እንኳ መጠበቅ ያልቻለ ሰው ነው።

ቢሆንም ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ፣ በሽተኛ ወደ ቤት ለመውሰድ የሚፈረመው ወረቀት የቱ እንደሆነ ነርሷን ጠየቃት። ቆሞ ፈረመና ለሚስቱ እህት ደወለ።

“አልጋውን ከገንዳው አጠገብ አስጠጊልኝ” አላት። “ነግሬያታለሁ። ዛሬ እናመጣታለን።”